ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ግልጽ ደብዳቤ፦ ሰባት አመት ሙሉ «ጊዜያዊ» ነኝ

ጤና ይስጥልኝ የኮሚሽኑ ሃላፊዎች።

እኔ ከሀምሌ 2011 ጀምሮ አንድ የፌዴራል መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ በኮንትራት የምሰራ ነኝ። ስቀጠር ለስድስት ወር ነው የተባልኩት፣ ሲያልቅ ታደሰ፣ ደግሞ ታደሰ፣ አሁን የግል ማህደሬ ውስጥ 14 ውል አለ፣ ማህደሩን ቁጥር ሰጥቼ ሼልፍ ላይ ያስቀመጥኩት ራሴ ስለሆንኩ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ።

ስቀጠር ይሰራበት የነበረው አዋጅ 1064/2010 ጊዜያዊ ሰራተኛ የሚቀጠረው ዘላቂነት ለሌለው ስራ ወይም ሁኔታው ሲያስገድድ ብቻ ቋሚ መደብ ላይ ነው ይላል። እሺ፣ ሰባት አመት ሙሉ የሚያስገድድ ሁኔታ ምንድነው? ደብዳቤ በየቀኑ ይገባል በየቀኑ ይወጣል፣ መዝገብ ቤት የሌለው መስሪያ ቤት እኮ የለም። ከኔ በኋላ በቋሚነት የገቡ ሁለት ልጆችን ስራውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፣ ጎበዞች ናቸው በነሱ ቅር አይለኝም፣ ግን መስከረም 2018 ላይ የመንግስት ሰራተኛ ትንሹ ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲገባ የነሱ ተስተካከለ፣ ለኔ «ያንቺ ውልሽ ላይ የተጻፈው ነው» ተባለ። ጡረታም አይቆረጥልኝም። ባለፈው ደግሞ ወንድሜ ስራ አግኝቶ ዋስ አምጣ ሲባል ወደኔ መጣ፣ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ የሰው ሀብት ቢሮ ገባሁ፣ «ለቋሚ ብቻ ነው የምንጽፈው» አሉኝ፣ ልጁ ፎርሙን ይዞ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፣ ምን ብዬ እንደነገርኩት እንኳን አላስታውስም።

አምስት ሆነን ከሰስን። የስራ ክርክር ችሎት የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመንግስት አስተዳደር ሰራተኛን አይመለከትም አለን፣ የመንግስት ሰራተኞችን ክርክር ወደሚያየው አስተዳደር ፍርድ ቤት ስንሄድ ደግሞ መስሪያ ቤቱ «እነዚህ የውል ሰራተኞች ናቸው እንጂ የመንግስት ሰራተኛ አይደሉም» ብሎ መቃወሚያ አስገባ። ታዲያ የማን ነን? ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ፣ ለያንዳንዱ ቀጠሮ ከስራ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስራው ቋሚ ነው አይደለም የሚለውን ዋናውን ነገር ግን እስካሁን ማንም አላየልንም።

ፍርድ ቤቱን እዘዙልን አላልንም። ቋሚ መደብ ላይ ሰውን ስንት ጊዜ ውል እያደሱ ማቆየት እንደሚቻል ቁርጥ ያለ ሰርኩላር ማውጣት ግን የናንተ ስራ ነው፣ መስሪያ ቤቶችም እንደኛ ያሉትን ዝርዝር እንዲልኩ ጠይቋቸው። 14ኛው ውሌ ሰኔ 30 ያልቃል፣ 15ኛውን ፈርሚ ከመባሌ በፊት መልሳችሁን በጽሁፍ እጠብቃለሁ።