«ተከራካሪዎቹን ብቻ ይመለከታል» ላላችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም የሕግ ስህተት አለበት የተባለ ፍርድ መጨረሻ ላይ የሚታይበት ችሎት፣ በግብር ክርክር ላይ ስለሰጠው ውሳኔ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዜና አንብቤዋለሁ። ሁለቴ። መጨረሻው ላይ ውሳኔው የሚመለከተው ተከራካሪዎቹን ብቻ ስለሆነ ሌላው ግብር ከፋይ እንዳይሰጋ ጽፋችኋል። እዚህ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ።

ስህተት ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። የፌዴራሉንም የክልሉንም። በ2013 የወጣው አዋጅ 1234ም ይህንኑ አስቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ የሚታተሙት ለመደርደሪያ ጌጥ አይደለም። ፍርዱ የሁለቱ ተከራካሪዎች ነው፤ ትርጉሙ ግን የሁላችንም ነው። የግብር ሕጉ «ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል» ቢል፣ የትኛው ወጪ ይያዛል፣ የትኛው ይጣላል የሚለውን መጨረሻ ላይ የሚቆርጠው ሰበር ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ከወንድሜ ጋር በአንድ ትንሽ ፒ ኤል ሲ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። የግብር ኦዲተሮች ሲመጡ የሁለት ዓመት የግዢ ደረሰኝ በፌስታል አድርጌ አወጣሁ። የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሙቀት አይወድም። ግማሹ ነጭ ሆኗል። ወደ መስኮቱ አዙሬ «ይኸው፣ ቁጥሩ ይታያል» ብል ማን ይስማኝ! የግብር ውሳኔው ተሳስቷል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። 640 ሺህ ብር ፍሬ ግብር፣ ማለትም ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር፣ ተጻፈብን።

በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ አስገባን። ተጣለ። ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ደግሞ በግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008 የሚያከራክረውን ግብር ግማሽ አስቀድሞ መክፈል ግድ ነው። 320 ሺህ ብር። ወንድሜ መኪናውን ሸጠ። እዚያም አልሆነልንም። ፍርድ ቤት እንሂድ ስል የሂሳብ ሠራተኛችን «ጋሼ፣ የእኛን ዓይነት ጥያቄ እኮ ሰበር በትርጉሙ ዘግቶታል» አለችኝ። ስማችን በሌለበት መዝገብ፣ እኛ ባልተጠራንበት ክርክር! «ተከራካሪዎቹን ብቻ» ያላችሁት ይህንን ነው?

ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል፣ ሄደህ ተከራከር ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እናስላው። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት የተከፈለው 75 በመቶ መድረስ አለበት። በእኛ ሂሳብ 480 ሺህ፣ ማለትም ሌላ 160 ሺህ ብር። ከዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ሰበር። የጠበቃውን ገና አልጨመርኩም። ዳኛ የሚተረጉመው የቀረበለትን ክርክር ነው። እዚያ ድረስ መዝገብ ይዞ መውጣት የሚችለው ደግሞ ጠበቃ በደመወዝ የሚያሠራ ትልቅ ድርጅት ነው። የእሱ ሰነድ ፋይል ውስጥ ነው፣ አይደበዝዝም። የደበዘዘ ደረሰኝ ይዞ የቆመ ሰው ጥያቄ እዚያ አይደርስም። ሕጉ ግን በእሱም ላይ ይተረጎማል። ዳኞቹን አልወቅስም፤ ያልቀረበላቸውን ከየት ያመጣሉ?

እናንተን ግን እወቅሳለሁ። ሦስት የሕግ ባለሙያ አናግራችሁ ሦስቱም ያወሩት ስለ ትልልቅ ድርጅቶች ነው። አንድ ነጋዴ መጠየቅ ምን ይከብዳል? መርካቶ ሩቅ ነው?

ያቺን አረፍተ ነገር አርሙልኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ ዜናውን በስልኩ እያሳየኝ «እኛን አይነካንም ተብሏል» አለኝ፣ ደስ ብሎት። እሱም ደረሰኙን የሚያስቀምጠው በፌስታል ነው።

የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከሶማሌ ተራ