ማሙሽ አንቺን ይሰማል

እህትዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ስጽፍልሽ ጉዳይ ይዤ እንደመጣሁ ሳትጠረጥሪ አትቀሪም። ይቅርታዬን ተቀበይና እንለፈው፤ አንቺም ብትሆኚ ከመስቀል ወዲህ ቃል አልተነፈስሽም፣ ጥፋቱን እኩል እንካፈለው። እማዬ ደህና ናት፣ ልጆቹ አድገዋል። የመጣሁት በማሙሽ ጉዳይ ነው። ጺም አብቅሎ፣ የራሱን ጀልባ ገዝቶም ቤት ውስጥ ያው ማሙሽ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሐይቁ ዳር ጀልባውን ሊበይድ ሄዶ፣ እጁ እንደረጠበ የማሽኑን ገመድ ያዘና ኤሌክትሪክ ጨበጠው። ጓደኞቹ ማብሪያውን እስኪያጠፉ ድረስ አለቀቀውም። ነፍሱ ተረፈች፣ ተመስገን፤ ቀኝ ትከሻው ግን ተጎዳ። ሕክምና ቤት ወሰድነው። ከፊት ለፊት ብቻ ራጅ አንስተው «አጥንት አልተሰበረም፣ ጡንቻው ነው» አሉና ማስታገሻና የክንድ ማንጠልጠያ ሰጥተው መለሱት። እማዬን ታውቂያት የለ? በማግስቱ ወጌሻ አስመጣች። በቅቤ እያሸ ሲጎትተው ጩኸቱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ።

ነገሩ ያልተለመደ መሆኑን ያወቅሁት በቆሎ ነው ብልሽ ትስቂያለሽ። ቡና ተፈልቶ ቆሎ ሳድል ማሙሽ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ፤ መዳፉ ግን ወደ መሬት እንደተደፋ ቀረ። «ገልብጠው እንጂ» ብለው «እንቢ አለኝ» ብሎ ሳቀና በግራው ተቀበለ። እኔ አልሳቅሁም። ሸሚዙን አስወልቄ ሳየው የትከሻው ፊት ጠፍጠፍ፣ ጀርባው በኩል ደግሞ ጎበጥ ብሏል።

ሌላ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ክርኑን ጎኑ ላይ አስደግፎ ክንዱን ወደ ውጭ እንዲከፍት ቢያዘው ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ወዲያው በብብት በኩል ሌላ ራጅ አስነሳ፣ ሲቲ ስካንም ጨመረበት። ትከሻው ወደ ኋላ ወልቆ፣ የክንዱ አጥንት ራስ በመቀመጫው የኋላ ጠርዝ ላይ ተሰክቶ ከርሟል! ከመቶ የትከሻ ውልቃት ወደ ኋላ የሚሄደው ከ2 እስከ 5 ቢሆን ነው፣ ሌላው ከሞላ ጎደል ወደ ፊት ነው አለን። ኤሌክትሪክ ሲይዝ ወይም የሚጥል በሽታ ሲነሳ ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይኮማተራል፤ ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ከሌሎቹ ስለሚበረቱ አጥንቱን ወደ ኋላ ያወጡታል። ከፊት ለፊት በተነሳ ራጅ ደግሞ ጤነኛ መስሎ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የመጀመሪያውን ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ፤ የአጥንቱ ራስ ዞሮ ልክ እንደ አምፖል ድቡልቡል ብሏል። ሐኪሞቹም የአምፖል ምልክት ነው የሚሉት። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ትከሻ አምፖል ሆኖ ሲገኝ እንግዲህ ምን ትያለሽ።

ቶሎ ቢታወቅና ጉዳቱ ትንሽ ቢሆን ኖሮ አደንዝዞ በቀስታ መመለስ ይበቃ ነበር። አሁን ሳምንታት አልፈዋል፣ በእጅ ጎትቶ መመለስ አጥንት ሊሰብር ይችላል። የመቀመጫው ጠርዝም የአጥንቱን ራስ ከፊቱ በኩል ጎድጉዶታል፣ ሲሶ ያህሉን። ስለዚህ ከፍተው አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሱና፣ ከፊት ያለውን ጅማት ከነተጣበቀበት አጥንት አንስተው ጉድጓዱ ውስጥ ያስሩታል፤ ጠርዙ ዳግም እንዳይነክሰው። ማክላፍሊን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ካሳተመው ዘዴ የመጣ ነው አሉ። ከዚያ ክንዱ ትንሽ ወደ ውጭ ዞሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል፣ ቀጥሎ ለወራት ፊዚዮቴራፒ። መግፋት የሚባል ነገር፣ ጀልባ ከዳር መግፋትም ቢሆን፣ ለብዙ ጊዜ ክልክል ነው።

ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ሕመሙ ለቀቀው። እንቅልፉን ይተኛል፣ ሞተሩን በግራ እጁ እየያዘ ወደ ዘጌ ሰው ማመላለስ ጀምሯል፣ «ካላመመኝ ለምን እቀደዳለሁ? ለፋሲካ እንግዳው ሲጎርፍ እኔ ተኝቼ?» ይላል። በቆየ ቁጥር አጥንቱ እየተበላ ሄዶ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከመትከል በቀር መላ እንደማይኖር ሐኪሙ ነግሮታል። አይሰማም። ወጌሻውም «ጅማቱ ሊፈታ ትንሽ ነው የቀረው» እያለ ያጽናናዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ማታ እኔም ወጌሻው ልክ በሆነ እያልኩ እመኛለሁ። አደንዝዘው ሲያስተኙት ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

እና… እንዴት ብዬ ልበልሽ። ሪፈሩ አዲስ አበባ ነው። ገንዘቡን እንደምንም አሰባስበናል፣ የጎደለን ማረፊያ ነው። ያቺ የኋላ ክፍል ባዶ ከሆነች ጥቂት ሳምንት፤ እኔም አስታምመዋለሁ፣ ምግቡን አበስላለሁ፣ አንቺን አናስቸግርም። ተከራይታ ከሆነ ወይም ባለቤትሽን ደስ ካላለው በግልጽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየም ይሆናል፣ ግን ያልፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ደውይለት። ድሮ ካንቺ ሒሳብ አልቀበልም እያለ ዘጌ ሲያመላልስሽ የጀልባው ባለቤት እንዴት ይቆጣው እንደነበር አትረሺውም። አሁንም ስምሽ ሲነሳ አንገቱን ይደፋል፣ ሚስቱ ፊት እንኳ። እኔ ብለው ጭቅጭቅ ነው፤ አንቺ ካልሽው ግን ሻንጣውን ያነሳል። ማታ ጀልባውን አስሮ ሲገባ ጠብቀሽ ደውይ፤ እኔ እንደጻፍኩልሽ እንዳትነግሪው፣ ከሌላ ሰው ሰማሁ በይ። የዘጌ ቡና በሰው ልኬልሻለሁ። ጉቦ እንዳይመስልሽ አልልም፣ ጉቦ ነው።

ያንቺው