የሚያኦን ጨርቅ ገልብጣችሁ እዩት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በጉይዡ ግዛት ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት በዚያ የሚኖረውን የሚያኦ ብሔረሰብ ሴቶችን ሽመናና ጥልፍ ከሥራቸው ቁጭ ብዬ ለማየት ችያለሁ። ስለ እነዚህ ጨርቆች ሲጻፍ ውበታቸው ብዙ ይወደሳል፤ ባለሙያዎቹ ምን ያህል እንደሚለፉና ልፋታቸው በአስመስሎ ሥራ እንዴት እየተነጠቀ እንደሆነ ግን እምብዛም አይነሳም። ደብዳቤዬም ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

በታይጂያንግ ወረዳ፣ በቺንግሹይ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሺዶንግ አንዲት አዛውንት ሲጠልፉ ግማሽ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አንዱን የሐር ክር በጣቶቻቸው ስምንት ቦታ ሰነጠቁት፤ ከዚያም የተሰነጠቀው ክር እንዳይበተን፣ እንደ ሳሙና በሚያሙለጨልጭ የዛፍ ፍሬ ውስጥ ከነመርፌው አሳለፉት። ጥልፉ ሲያልቅ ልስልስ ብሎ የሚያብረቀርቀው በዚህ ዘዴ ነው። ለምሳ እስኪነሱ ድረስ የሞሉት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የቢራቢሮ ክንፍ ነበር። አንድ ሙሉ የክት ልብስ ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ ሲነግሩኝ፣ ቀደም ብዬ በገበያ ላይ ዋጋ ለማስቀነስ የተከራከርኩት ሁሉ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ቢራቢሮውም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። የሚያኦ ጥንታዊ ዜማዎች እንደሚተርኩት፣ ከሜፕል ዛፍ የወጣችው እናት ቢራቢሮ 12 እንቁላሎች ጣለች፤ የሰው ልጆች አባት የሚባለው ጂያንግ ያንግም የተፈለፈለው ከነዚሁ ከአንዱ ነው። ለረጅም ዘመን ታሪኩን በጽሑፍ ሳያሰፍር የኖረው ይህ ሕዝብ ትውፊቱን ያቆየው በዜማና በመርፌ ነው። ስለዚህ እናት በልጇ ማዘያ ላይ ቢራቢሮ ስትጠልፍ ሕፃኑን ለመጀመሪያይቱ እናት አደራ የሰጠች ያህል ነው።

ከጥልፉ በፊት የጨርቁ ልፋት አለ። ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠው የኢንዲጎ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ ኖራ ይጨመርበታል። ጨርቁ ከቀለሙ ሲወጣ አረንጓዴ መስሎ ይታይና አየር ሲነካው ዓይን እያየው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ጠቆር እስኪልም ድረስ ማጥለቁና ማስጣቱ ደጋግሞ ይቀጥላል። በአንዳንድ መንደሮች ከዚያ በኋላ የእንቁላል ነጭ ተቀብቶ በእንጨት መዶሻ ሲቀጠቀጥ ብረት መስሎ ያበራል። በዚያው ግዛት የሚገኘው የዳንዣይ ወረዳ ሴቶች ደግሞ የመዳብ ምላስ ባለው ትንሽ ቢላ የቀለጠ የንብ ሰም እየነከሩ በነጩ ጨርቅ ላይ ይሥላሉ። ጨርቁ በሰማያዊው ቀለም ከተነከረ በኋላ ሲቀቀል ሰሙ ይለቅና ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

የቻይና መንግሥት የሚያኦን ጥልፍና የሰም ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2006 በመጀመሪያው ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ማስፈሩ የሚመሰገን ነው። ገበያው ግን ሌላ ነገር ነው። ካይሊ ከተማ ውስጥ ከአንድ ሱቅ «የዳንዣይ የእጅ ሥራ» ተብዬ የገዛሁትን የሰም ሥዕል ቤቴ ገብቼ ስገለብጠው ጀርባው ገርጥቶ ሥዕሉ ጨርሶ አልደረሰበትም፤ በማሽን የታተመ ነበር። በሰም የተሠራ ቢሆን ኖሮ ነጩ መሥመር በሁለቱም በኩል በታየ ነበር። እኔ የከሰርኩት ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ወር ሙሉ ያጎነበሰችው ሴት ግን በሰዓታት ውስጥ ከሚታተም ጨርቅ ጋር በዋጋ እንድትወዳደር ተፈርዶባታል። ልጇ ትምህርቷን ስትጨርስ ወይም ከዚያም በፊት ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ ከተሞች ፋብሪካዎች ብትሄድ ማን ይፈርድባታል?

ከዚህም የከፋ የሚመስለኝ ሌላ ነገር አለ። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነጋዴዎች በየመንደሩ እየዞሩ ከአያት የወረዱ ልብሶችን ለሰብሳቢዎች ገዝተዋል። ቸግሯቸው የሸጡትን አልወቅስም። ነገር ግን ሴት ልጅ ጥልፍ የምትማረው የአያቷን እጅጌ ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በዓይኗ እየተከተለች ነውና፣ ልብሱ ከቤት በወጣ ቁጥር መማሪያዋም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ የእነዚህን አልባሳት ፎቶግራፍ ስታወጡ «የቻይና ባህላዊ ልብስ» በሚል ብቻ ከማለፍ ይልቅ የሺዶንግ ስንጥቅ ክር ይሁን የዳንዣይ ሰም ወይም በጂያንሄ ወረዳ በቀጫጭን የቆርቆሮ ቁራጮች የሚሠራው ጥልፍ፣ መንደሩንና የአሠራሩን ስም እንድትጠቅሱልን ነው። ወደዚያ የሚጓዙ አንባቢዎችም ከመክፈላቸው በፊት ጨርቁን ይገልብጡት። የእጅ ጥልፍ ከሆነ በጀርባው የክሩ ቋጠሮና ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገረበት መንገድ ይታያል። ያን ጊዜ ሻጯ የጠራችውን ዋጋ ሳይከራከሩ ይክፈሉ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ