ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ጦሳ ተራራ ላይ

የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቤተ መጻሕፍታችንን ለዓመታት የመሩት ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። የመጻሕፍት ማውጫ ካርድ ሳያገላብጡ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ። ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ሲያገኙ አይጥሉም፤ በመርፌ ሰፍተው፣ ሙጫ ቀብተው፣ ከባድ መዝገብ ጭነውበት ያድራል።

በዲዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ቁጥር 910፣ የጉዞ መጻሕፍቱ ቦታ፣ ነፍሳቸው ነው። ግን ጉዞን አንብበው ብቻ አልተዉትም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ለማየት ከደሴ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በእግራቸው ሄደዋል። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው! እንዲህ ያለ ሰው በሻይ ብቻ አይሸኝም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከፒያሳ ተነስተን ጦሳን አብረናቸው እንወጣለን። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ሹራብ ያዙ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን።