ማዕድ ቤታችን ይጠገን፦ በሜልበርን ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆቻችን የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣

ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር እኛም መለመን ሰልችቶናል።

ከገና በፊት በጣለው ዶፍ የማዕድ ቤታችን ጣሪያ መደርመሱን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ቋጥሮ ሌሊት ላይ ተገነደሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልነበረም። ሁለቱ የኤሌክትሪክ ምጣዶችና ትልቁ ፍሪጅ ግን ከሥሩ ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ወላጆቻችን ወደሚኖሩባቸው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች (ኤጅድ ኬር) የምንወስደው እንጀራና ሽሮ ቆሟል። የማዕድ ጉብኝቱ ግን አልቆመም። ባዶ እጃችንንም ቢሆን ምሳ ሰዓት ላይ እየሄድን አጠገባቸው እንቀመጣለን።

«ተቀምጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ለሚሉን አንድ ነገር እንንገራችሁ። አንዲት እናታችን ኤጅድ ኬር ከገቡ በኋላ ክብደታቸው እየቀነሰ ሄደ። መዝገባቸው ላይ «ምግብ አልፈለጉም» የሚል ተደጋግሞ ተጽፏል። ሁለት ልጆቻችን ሄደው ቀኖቹን ሲያዩ አብዛኞቹ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ቤቱ ሥጋ እንደማይበሉ ያውቃል፤ «ቬጅቴሪያን» ብሎ መዝግቧቸዋል። ለወጥ ቤቱ ግን ቬጅቴሪያን ማለት ቺዝ የተነሰነሰበት ፓስታ ወይም የእንቁላል ጥብስ ነው። እናታችን ሳህኑን ያዩና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ገፋ ያደርጉታል። አስተናጋጇ ጠግበው መስሏት ታነሳዋለች። ቅጹ ላይ ይሉኝታ የሚሞላበት ቦታ የለም!

ነገሩ የተስተካከለው ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ የሌለበት ምግብ በየትኞቹ ቀናት እንደሚያስፈልግ በግልጽ ጽፈን ስንሰጥ ነው። ሥራ አስኪያጇም ቅር አላላትም። እንዲያውም «ቀድሞ ማን በነገረኝ» ነው ያለችው። ክፉ ሰው የለበትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው ያልነበረው።

ስለዚህ እናያለን። ምግቡ ሲደርስ ትኩስ ነው ወይ? ሳህኑ እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል? የእርጎዋን ክዳን ማን ይከፍትላቸዋል? ማጉረስ ካስፈለገ የሚያጎርሰው ሰው ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ቆሞ እየተጣደፈ? ምን ተበላ፣ ምን ተረፈ? ሁሉንም በአማርኛ ጠይቀን፣ በእንግሊዝኛ ጽፈን ለቤቱ እንሰጣለን። ለመዋጥ የሚቸገሩትን በተመለከተ ግን ባለሙያው ሳይፈቅድ አንዲት ጉርሻ አንሰጥም። እንጀራ ይጣበቃል፣ ገንፎም እንደዚያው። ፍቅር ነው ብላችሁ በጓዳ በኩል የምታጎርሱ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ።

ይህ የእኛ ብቻ ቅሬታ አይደለም። የአውስትራሊያ መንግሥት ያቋቋመው ሮያል ኮሚሽን የተባለው መርማሪ አካል ከ2018 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የአረጋውያኑን እንክብካቤ ሲመረምር ከተነሱት ትልልቅ ጉዳዮች አንዱ ምግብ ነበር። ከዚያ በፊት በ2017 የወጣ ጥናት ቤቶቹ ለአንድ ሰው የቀን ምግብ ጥሬ ዕቃ በአማካይ 6 ዶላር ከ8 ሳንቲም ብቻ እንደሚያወጡ አሳይቶ ነበር። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መክሰሱም ጭምር! እዚሁ ሜልበርን፣ ፉትስክሬ ሰፈር ላይ በዚህ ገንዘብ ምን እንደሚበላ እናንተው ታውቃላችሁ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ መንግሥት በሰው በቀን 10 ዶላር ጨመረ። በኅዳር 2025 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ ደግሞ ምግብ ራሱን የቻለ የጥራት መስፈርት ሆኗል። ሜኑው ከአረጋውያኑ ጋር ተመክሮበት መዘጋጀት አለበት፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ የአመጋገብ ባለሙያ ይገመግመዋል። አረጋውያኑ ከጠያቂዎቻቸው ጋር አብረው እንዲበሉም ቤቱ ማመቻቸት አለበት። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። የሚገባበት ሰውና የሚይዘው ምግብ ነው የጎደለው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ያለፈው የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በየሰርጉና በየለቅሶው ይደርሰናል። ይገባናል፣ መጠየቃችሁም ትክክል ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ምጣዶቹና ፍሪጁ ተገዙ። ሙቀት መለኪያዎች ተገዙ፤ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ካልሆነ ምግቡን አንወስድም። የበጎ ፈቃደኞቹ የፖሊስ ማጣሪያና የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ምዝገባ ተከፈለ። ብዙ ሰው ያናደደው ኢንሹራንሱ ነው። ያለ እሱ አንድም ቤት በር አይከፍትልንም። «ታዲያ ኢንሹራንሱ ጣሪያውን ለምን አይሠራም?» ላላችሁን፣ ኢንሹራንሱ እኛ ለምናደርሰው ጉዳት እንጂ ለሕንፃው አይደለም። አዳራሹን በነፃ የሰጡን ሰዎች ደግሞ ከዚህ በላይ አቅም የላቸውም። ለኮሚቴ አባል ቤንዚን እንኳ አልተከፈለም። ደረሰኞቹ በሙሉ ከሒሳብ ያዡ ዘንድ አሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ ማየት ይቻላል። እስካሁን የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም አይተው 200 ዶላር ሰጥተው ሄዱ።

ለጣሪያው፣ ለምጣዱና ለፍሪጁ 18,400 ዶላር ያስፈልጋል። 7,150 ገብቷል። ከጥምቀት ወዲህ ግን ፈቅ አላለም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። አሁን በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ጾመኛ ክርስቲያንም ሙስሊምም አሉ። የሐሙሱ ምግብ ለሁለቱም ነበር፤ ሽሮው ከአንድ ድስት ይወጣል። «ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለውን ለእናንተ ልንሰብክ አልተነሳንም፣ ዘካንም ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን እነዚህ ሰዎች በካርቱምና በናይሮቢ ስደት ያሳደጉን፣ እዚህም መጥተው ልጆቻችንን የያዙልን ናቸው።

የባንክ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ወረቀት ላይ አለ። አልተለወጠም። ተለውጧል የሚል መልእክት ከደረሳችሁ አትመኑ፤ መጀመሪያ ለኮሚቴው ደውሉ። ስትልኩ ማጣቀሻው ላይ «ማዕድ» ብላችሁ ስማችሁን ጨምሩ። ባለፈው አራት ሰዎች ያለ ስም አስገብተው እስከ ዛሬ ደረሰኝ ልንሰጣቸው አልቻልንም። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ለሒሳብ ያዡ ብቻ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ። 20 ዶላርም ትሁን፣ አትናቋት።

ጠጋኙ በዚህ ዋጋ የሚሠራልን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይጨምራል ብሏል። ምጣድ ያላችሁና ለጊዜው ልታውሱን የምትችሉ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉልን፣ ቢያንስ ለሆሳዕና እንድንደርስ።

እንደገና፦ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፤ ማጣቀሻው «ማዕድ» ነው፤ ስማችሁን አትርሱ።

የኮሚቴው ጸሐፊ