ሌባው ገባ፣ ነጋዴው ታገደ፦ ለአንድ የጎንደር መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ሲያነቡት ያውቁታል።

እኔ ፒያሳ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሲልኩላችሁ አግዛቸዋለሁ። ሰሞኑን በአንዱ ደንበኛዬ አድራሻ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል የውሸት ኢሜይል ደረሳችሁ። ሠራተኞቻችሁ ነቅተው አድራሻውን አገዱት። ኢሜይሉ ግን ተመልሶ መጣ። «ብሎክ አድርገነው የለ እንዴ?» አሉኝ።

ኢሜይል ላኪው የሚጻፍበት ሁለት ቦታ አለው። አንደኛውን ሰርቨሮች ሲቀባበሉ ይነጋገሩበታል፤ ልክ እንደ ፖስታው ጀርባ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ስክሪን ላይ የሚያነበው ነው። ኤስኤምቲፒ (ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ደንብ) በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለቱ እንዲገጥሙ አላስገደደም፤ ዛሬም በራሱ አያስገድድም። የእናንተ ማጣሪያ የሚያየው ፖስታውን ብቻ ነው። ሄደሩን (ከኢሜይሉ ጋር ተደብቆ የሚመጣውን የጉዞ መዝገብ) ከፍተን ስናይ ሌባው ፖስታው ላይ ሌላ አድራሻ ጽፏል። ስለዚህ አለፈ። የደንበኛዬ እውነተኛ ኢሜይል ግን ፖስታውም ውስጡም አንድ ነው፤ እሱ ታገደ! ለሌባ የተሠራ አጥር ባለቤቱን ሲያስቀር ምን ይባላል?

ይባስ ብሎ ሰርቨራችሁ የነጋዴውን ኢሜይል «ተቀብያለሁ» ብሎ ወስዶ ዝም ብሎ ጣለው። ሰውየው ፕሮፎርማዬ ደርሷል ብሎ ተቀመጠ። ሥራውን ሌላ ወሰደው። ገና ሲደርስ በ550 ኮድ («አልቀበልም» ማለት ነው) ቢመልሰው ኖሮ ወዲያው ያውቅ ነበር። ተቀብሎ ኋላ መመለስም አያዋጣም፤ ላኪው የውሸት ከሆነ መልሱ የሚሄደው ምንም ላልበደለ ሰው ነው።

ደንበኛዬ የራሱ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ ያለው ስም) አለው። ኤስፒኤፍ (በስሙ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) እና ዲኪም (የኢሜይሉ ዲጂታል ፊርማ) አስገብቷል፤ በዲማርክም (ስክሪን ላይ የሚታየው አድራሻ ከሁለቱ በአንዱ መረጋገጡን በሚያስፈትሸው ደንብ) «የማያልፈውን አትቀበሉ» ብሎ አውጇል። የተቀባዩ ሰርቨር ካላየው ግን አዋጁ ከንቱ ነው። እባክዎ ይህን የዲማርክ ምርመራ ያስጀምሩልን። የእገዳ ዝርዝሩም ፖስታውንም ስክሪን ላይ የሚታየውንም ይመልከት። ተጠባባቂ ሰርቨር ካላችሁ እሱም ላይ ያው ይደረግ፤ አጭበርባሪዎች ዋናውን ትተው በእሱ በኩል መግባት ይወዳሉ።

የደንበኛዬን አድራሻ ግን ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ያስወጡልኝ። ሒሳብ ተቀየረ የሚል ኢሜይል ሲመጣም ለነጋዴው ይደወልለት። ስልክ ቁጥሩ ከኢሜይሉ ሳይሆን ከቆየው ፋይል ይወሰድ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፒያሳ፣ ጎንደር