የግንባታ ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱ ይገለጽ

ይህን የምጽፈው የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ውድቅ ሲደረግ ምክንያቱ ለአመልካቹ በዝርዝር ሊገለጽ እንደሚገባ ለማሳሰብ ነው። ጅማ፣ ሒርማታ አካባቢ የሚገኘውን የወላጆቼን የጭቃ ቤት በብሎኬት ለመተካት ያቀረብኩት ማመልከቻ «ከፕላኑ ጋር አይጣጣምም» በሚል አንድ መስመር ተመልሶልኛል፤ ቦታው ለመንገድ ማስፋፊያ ተይዞ ይሁን፣ ከአዌቱ ወንዝ ሊጠበቅ የሚገባው ርቀት ጎድሎ ይሁን፣ ወይስ የፎቁ ብዛት አንሶ፣ ደብዳቤው አይናገርም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በሕንፃ ሹም ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲያመለክት በር ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን የተከለከለበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው በምን ላይ ይግባኝ ይላል? ዲዛይኑን ላስተካክል ቢልም የቱን እንደሚቀይር አያውቅም። የጅማ ዝናብ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ የምሥራቁ ግድግዳ ምርጊት ረግፎ ማገሩ ከታየ ሁለት ክረምት አልፏል፣ እናቴም አልጋዋን ወደ ሳሎን አዛውራለች።

ከተማ በፕላን መመራት እንዳለበት አልከራከርም። የምጠይቀው፣ እያንዳንዱ የክልከላ ደብዳቤ የተጣሰውን ድንጋጌ፣ ይዞታውን የሚያሳይ የፕላን ቅጂ፣ ይግባኝ የሚቀርብበትን አካልና የጊዜ ገደቡን እንዲይዝ የከተማው ምክር ቤት በመመሪያ እንዲወስን ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ